አየለን ወደ ወደቡ የመለሰው ማን ነው?

ሰው የሚጣላው በትልቅ ነገር ነው የሚላችሁን አትመኑት። በትልቅ ነገርማ ሰው ጠበቃ ይይዛል፣ ይካሰሳል፣ ይፈረድለታል ወይም ይፈረድበታል፣ ያበቃል። አሥርና ሃያ ዓመት የሚዘልቀው፣ ቪዛ ሳይጠየቅ ውቅያኖስ የሚሻገረው ኩርፊያ የሚነሣው ከትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ነገርን ፍርድ ቤት አይቀበለውም፤ ስለዚህ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ሆድ ደግሞ እንኳን ኩርፊያ ስንቱን ችሎ ይኖራል…

እኔና ጽጌ ለአሥራ ሰባት ዓመት የተኳረፍነው በኮምፒውተር ጨዋታ ነው።

አትሳቁ። የሚሳቅበት ቦታ ሲደርስ እኔው እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ካዛንቺስ ነው። እኔና ጽጌ በአንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዎች ነበርን። ቢሮው አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ ሥራ ሲያልቅ እንደ ሙሽራ በነጭ ጨርቅ ተሸፋፍኖ ያድራል። ኮንትራቱ ያለቀ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ሁለት ዲስኬት ሰጠን። (ለወጣት አንባቢዎቼ፦ ዲስኬት ማለት ፋይል ሴቭ ስታደርጉ የምትነኳት ያቺ ትንሽ ምስል ናት። በእውን የነበረች ዕቃ ናት፤ ስትወድቅ ድምፅ ታሰማ ነበር።) የመመሪያውን መጽሐፍ ግን ለማስታወሻ ስለፈለገው ለሁለት ቀን ብቻ አዋሰን። ጽጌ በሁለት ቀን ውስጥ መጽሐፉን ከነገጽ ቁጥሩ ወደ ደብተር ገለበጠችው። ጽጌ እንዲህ ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። ኩርፊያም ጭምር።

ዲስኬቶቹ ውስጥ የነበረው ጨዋታ የሚተኮስበት፣ መኪና የሚነዳበት ዓይነት አይደለም። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ወደብ ላይ ቆሟል። ከሥሩ አንዲት መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፤ እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ትጽፉለታላችሁ። "በሩን ክፈት" ካላችሁት ይከፍታል። "ዓሣ አጥማጁን አነጋግር" ካላችሁት ያነጋግራል። አንዲት ፊደል ከሳታችሁ ግን "የምትለው አልገባኝም" ብሎ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ይመልሳችኋል። የሰውዬው ሥራ የጠፋውን ፋኖስ ፈልጎ፣ ደሴቲቱ ጫፍ ላይ ያለውን፣ መርከቦችን በብርሃን የሚመራውን ማማ መልሶ ማብራት ነው። የራሱ ስም ለአፋችን ስላልተመቸ "አየለ" አልነው።

ሥራ ተከፋፈልን። እኔ ፈጣን ታይፒስት ስለነበርኩ ጣቱ እኔ ነበርኩ። ጽጌ ደግሞ ከደብተሯና ከመዝገበ ቃላቷ ጋር አእምሮው ነበረች። ምሳችንን በአምስት ደቂቃ ጥርግ አድርገን በቀረው ጊዜ ከአየለ ጋር እንዞራለን። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለዚህ ነው አሜሪካ መጥቼ የመጀመሪያው የሥራ ኢንተርቪው ላይ "ምን ትችያለሽ?" ብለው ሲጠይቁኝ "መልህቅ ማንሣት፣ ገመድ መቋጠር፣ ጠባቂውን ማባበል" ያልኩት። ሥራው የሆቴል ልብስ ማጠፍ ነበር። አላገኘሁትም።

ሰባት ወር ፈጀብን። በሰባተኛው ወር አንድ ረቡዕ፣ አየለ ፋኖሱን አንጠልጥሎ፣ ኪሱ በቁልፍና በገመድ ተሞልቶ የማማው በር ላይ ደረሰ። የቀረን አንድ በር ብቻ ነው። ዲስኬቱ ላይ ሴቭ አደረግነውና የምሳ ሰዓታችን አለቀ። ሐሙስ ጠዋት ጽጌ ከዳይሬክተሩ ጋር ጉምሩክ ሄደች፤ እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጥርሴን ልነቀል ሄድኩ። ዓርብ ምሳችንን ሳንቀምስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥንና ከፈትነው።

አየለ ወደቡ ላይ ቆሟል። ኪሱ ባዶ ነው። ፋኖስ የለ፣ ቁልፍ የለ፣ ገመድ የለ። ሰባት ወር የለፋንበት ቦታ ላይ አንድ ገና የተጀመረ ጨዋታ ተደርቦ ተቀምጧል። ከጎኑ መቼ እንደተቀመጠ ተጽፏል፦ ሐሙስ፣ 11፡20።

"ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ እዚህ ማን ነበር?" አልኩ።

"እኔ ነበርኩ" አለች ጽጌ። "ቢሮ ልዘጋ። ግን ኮምፒውተሩን አልነካሁም።"

"ታዲያ አየለ በገዛ እግሩ ነው የተመለሰው?"

"ሙሉ፣ አልነካሁም እያልኩሽ ነው።"

"ብቻሽን ልትጨርሺው ስትሞክሪ ነው ያበላሸሽው።"

ጉንጬ እንደ አምባሻ አብጧል፣ ቁስሉ ይጠዘጥዘኛል… የዚያን ቀን ከአፌ የወጣውን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ምቀኛ ማለቴ ብቻ ይበቃችኋል። ጽጌ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሣች። ከሁለት ወር በኋላ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ ኮምፒውተሩ ተጭኖ ሄደ። ዲስኬቶቹ እኔ ጋ ቀሩ።

ከዚያ ዲቪ ሁለታችንንም በየተራ አንሥቶ አትላንታ ጣለን። ይሄ ሁሉ የአሜሪካ መሬት እያለ አንድ ከተማ፣ ይሄ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን። እሷ በግራ በኩል ትቀመጣለች፣ እኔ በቀኝ። በር ላይ ስንገናኝ "ሰላም ነሽ?" "ይመስገን" እንባባላለን፤ እጃችን እንደ ተበደረ ዕቃ በጥንቃቄ ተነካክቶ ይመለሳል።

ችግሩ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው። ያን ቀን የጌታ እራት ይሰጣል። ከወንድሙ ጋር የተቀያየመ ሳይታረቅ አይወስድም። እኔም ኅብስቱና ጽዋው የተደረደረበት ትሪ ሲመጣ ሳልወስድ አሳልፋለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ሆዴን ያመመኝ እመስላለሁ። በግራ በኩል ያለችውም ሆዷን ያማታል። ለዓመታት በየወሩ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሁለት ሴቶች ሆዳቸውን ሲያማቸው ማን ይጠረጥራል? ጋሽ ዘሪሁን ጠረጠሩ።

ጋሽ ዘሪሁን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። በሥራ ቀን ደግሞ ዳውንታውን ያለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ማኔጀር ናቸው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ቦታውን ለቀቀ የሚለውን ሲያዩ የሚውሉ ሰው ናቸው። ትሪ የሚያሳልፍ ሰው አያመልጣቸውም። ለሁለታችንም ደወሉና ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አንድ የቬትናሞች ሾርባ ቤት ቀጠሩን። ሐበሻ ቤት ያልቀጠሩን፣ ሾርባው ሳይመጣ ወሬው ከተማውን እንዳይዞር ነው።

"በገንዘብ ነው የተጣላችሁት?" አሉ።

"አይደለም።"

"በባል ነው?"

"በእሷ ባል?" አለች ጽጌ። "ኧረ እግዜር ይጠብቀኝ።"

"የእኔ ባል ምን ሆነ?" አልኩ።

"ተዉ እንግዲህ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ንገሩኝ፤ በምንድን ነው?"

ጽጌ ሾርባዋን አየች። እኔም ሾርባዬን አየሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሰው፣ በሽማግሌ ፊት፣ በአደባባይ፣ ስለ አየለ ምን ብሎ ይጀምራል? ያም ሆኖ ጀመርኩ። ዲስኬቱንም፣ ወደቡንም፣ ጉምሩኩንም፣ ጥርሱንም ተናገርኩ። ጋሽ ዘሪሁን አልሳቁም። እስክሪብቶ አወጡና ሳህኑ ሥር የተነጠፈውን ወረቀት ገልብጠው የእያንዳንዳችንን ቃል መጻፍ ጀመሩ። "ጽጌ፦ ጠዋት ጉምሩክ። ሙሉ፦ ከሰዓት ጥርስ።"

"ማስረጃ አለሽ?" አሉኝ።

"ዲስኬቱ አለኝ።"

ጽጌ ቀና አለች። "እስካሁን?"

"ከጋብቻ ሰርተፍኬቴ ጋር ነው የተቀመጠው።"

"እንግዲያው ይከፈትና በዓይኔ ልየው" አሉ ጋሽ ዘሪሁን። "እስከሚመጣው ወር መጀመሪያ እሑድ ጊዜ ሰጥቻችኋለሁ።"

ጽጌ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አንድ ነገር ላስይዝ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ፣ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። የእሷ ከሆነ ግን እሷ ትሸከማለች።"

"እሺ" አልኩ። ወዲያው ነው ያልኩት። እርግጠኛ ሰው ምን ያስባል?

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው የሦስት ሳምንት መከራ ነው። ብሩክሄቨን ውስጥ ልብስ የምጠግንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ስፌት ያስተማረኝ የለም፤ ሱሪ ማሳጠር የተማርኩት የስንቱን ሰው ሱሪ ቁምጣ አድርጌ ነው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ይለመዳል ብዬ ገባሁበት። ላፕቶፔን መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ከስፌት መኪናው ጎን አስቀመጥኩና ዲስኬቱን ይዤ ዙሪያውን መረመርኩት። በግራ የለ፣ በቀኝ የለ።

"ምን እየፈለግሽ ነው?" አለ ባለቤቴ ሰሎሞን። የኤርፖርት ሻትል ነጂ ነው፤ ኦፍ ሲሆን ሱቄ መጥቶ ሥራ ያስፈታኛል።

"የዲስኬት ቀዳዳ።"

"እሱ እኮ ከቀረ ዘመን ሆነው። አሁን ሁሉም ነገር ደመና ላይ ነው።"

"የእኔ ማስረጃ መሬት ላይ ነው።"

ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አንድ ሽማግሌ ኮሪያዊ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለው። ዲስኬቱን ሳሳየው በሁለት እጁ ተቀበለኝና ለረጅም ጊዜ አየው፤ የሟች ጓደኛ ፎቶ ያሳየሁት ነው የመሰለኝ። ከዚያ ጓዳ ገብቶ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስኬት ማንበቢያ ከነአቧራው ይዞልኝ ወጣ። ሱቄ ወስጄ ስሰካው እንደ እህል ወፍጮ አጓራ፣ አቃሰተ፣ አነበበ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሁለት ጊዜ ክሊክ አደረግኩ።

"ይህ ፕሮግራም በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ አይችልም" አለኝ።

ምክንያቱን ሁለት ቀን አነበብኩ። እኔ እንደገባኝ እንዲህ ነው፦ አዲሱ ኮምፒውተር ትምህርት በዝቶበት ከአገሩ ሰው ጋር መነጋገር ያቃተው ምሁር ሆኗል። ጨዋታው በድሮው ቋንቋ ይናገራል፤ ምሁሩ አይሰማም። አስተርጓሚ ያስፈልጋል። እንደ እኔ ያረጁ ጨዋታዎች የሚወዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ገብቼ ጠየቅኩ፤ ኖርዌይ የሚኖር አንድ ጡረተኛ መለሰልኝ። ራሱን አሮጌ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚተውን ፕሮግራም አለ፣ ዳውንሎድ አድርጊው፣ ጨዋታሽን እሱ ሆድ ውስጥ ክፈቺው አለኝ። አደረግኩት። ጥቁር መስኮት ተከፈተ፣ ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም አለች። ጣቶቼ ትእዛዙን ሳልነግራቸው ጻፉት። ለካ ጣት አይረሳም…

አየለ ወጣ። ያው ባርኔጣው፣ ያው ወደቡ። እንባዬ ሊመጣ ሲል ሰውዬው ሩጫ ጀመረ። ኮምፒውተሩ የድሮውን መቶ እጥፍ ስለሚፈጥን አየለ እንደ ተባረረ ሌባ ከወደቡ ጫፍ ዘሎ ባሕር ገባ። ሞተ። እንደገና ከፈትኩት፤ ገባ። አሥራ አንድ ጊዜ ሰጠመብኝ።

"መጀመሪያ ዋና አስተምሪው" አለ ሰሎሞን።

ኖርዌያዊው ፍጥነቱን የምትቀንሽበት ቁልፍ አለ አለኝ። ቀነስኩት፤ አበዛሁት መሰለኝ፣ አየለ አንድ እግር አንሥቶ እስኪያሳርፍ አንድ ሱሪ ሙሉ ዘምዝሜ እጨርስ ጀመር። ኮቱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ "አልቋል?" ሲለኝ "ሰውዬው ድልድዩን ይሻገርና" ብዬው ቁጭ ብሎ አብሮኝ ጠበቀ። ደግሞ ድምፁ አለ። ጨዋታው የባሕር ወፍ ጩኸት የሚያሰማበት ቦታ ነበር፤ አሁን የወጣው ግን የእሳት አደጋ ደወል ነው። ጎረቤቴ ጥፍር ቤት ውስጥ የነበሩት ሴቶች ጣቶቻቸውን እንደዘረጉ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ፓርኪንግ ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ከየት እንደመጣ አላውቅም አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በመጨረሻ ሁሉም ተስተካከለ። አየለ በሰው ወግ ይራመዳል፣ ወፉም ወፍ ሆኗል። የተቀመጠውን ጨዋታ ልከፍት ስል አንድ ሰሌዳ መጥቶ ፊቴ ቆመ፦ "በመመሪያው መጽሐፍ ገጽ 12 ላይ ያለውን አራተኛ ቃል ጻፍ።"

ረስቼው ነበር። ጨዋታው ያልገዛው ሰው እንዳይጫወትበት፣ የተቀመጠ ጨዋታ በከፈታችሁ ቁጥር ከመጽሐፉ አንድ ቃል ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ገመትኩ፣ ሦስት ጊዜ አባረረኝ። ኖርዌያዊው ይህን ጨዋታ አያውቀውም። ኢንተርኔቱ አያውቀውም። ቃሉ ያለው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ቦታ ነው፤ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ጽጌ ቤት። እስቲ አስቡት፤ ከሳሽ ማስረጃዋን ለመክፈት ከተከሳሽ ቁልፍ ስትለምን…

ደወልኩ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው።

"ሙሉ ነኝ" አልኩ።

"አውቄሻለሁ።"

"ደብተሩ… ጥለሽው ነው?"

"ገጽ ስንት አለሽ?" አለችኝ።

"አሥራ ሁለት። አራተኛ ቃል።"

"በስልክ አልነግርሽም። ደብተሬን ይዤ ራሴ እመጣለሁ። ለጋሽ ዘሪሁን ንገሪያቸው።"

ቅዳሜ ቀን፣ ሱቄን በጊዜ ዘጋሁና ችሎቱ ተሰየመ። ጋሽ ዘሪሁን በክራቫት መጡ። ጽጌ ከምትሠራበት ሆስፒታል ሺፍቷን ጨርሳ በቀጥታ ስለመጣች የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበረች። ሰሎሞን ማንም ሳይጠራው ወንበር ይዟል። ጽጌ ከቦርሳዋ ደብተሩን አወጣች፤ ጀርባው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ያለበት፣ ጠርዙ የተበላ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ። ገለጠችው። ኅዳጉ ላይ እኔ የሣልኩት የዳይሬክተራችን አፍንጫ አለ። ሁለታችንም አየነው፣ ሁለታችንም ያላየነው መሰልን።

"መልህቅ" አለች። በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። ተከፈተ።

የተቀመጡት ጨዋታዎች ዝርዝር መጣ። አንድ ብቻ ነው፤ ከጎኑም ሐሙስ፣ 11፡20።

"ይሄውሎት" አልኩ። ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም። "አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ። እኔ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ በተቀመጥኩበት ሰዓት።"

ጋሽ ዘሪሁን መነጽራቸውን አወጡ፣ በክራቫታቸው ጠረጉ፣ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

"ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"እነዚህ ሁለት ፊደሎች።"

"እሱማ… ጌጥ ነው።"

"ልጄ፣ እኔ በእነዚህ ሁለት ፊደሎች ስከራከር ነው የምውለው። ሰው ጠዋት መኪናውን ያስገባና ማታ ሲወጣ ትኬቱ ላይ ያለውን ኤ ኤም ፒ ኤም ነው ይለኛል። ይሄ ኤ ኤም ነው። የጠዋት ነው።" በጣታቸው ቆጠሩ። "11፡20 በፈረንጅ። በእኛ ረፋዱ ላይ አምስት ሰዓት ከሃያ።"

እኛ በሁለት ዓይነት ሰዓት የምንኖር ሰዎች ነን። አትላንታ ውስጥ ስሆን በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ካዛንቺስን ሳስብ ግን ሰዓቴ አብሮኝ ካዛንቺስ ይመለሳል። ያኔ ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ሰዓት እንደሚቆጥር ማን አስታወሰኝ?

"አንቺስ ያኔ አላየሽውም?" አሏት ጽጌን።

"ምቀኛ እየተባልኩ ነው ስክሪን የማየው?" አለች።

ጋሽ ዘሪሁን ከኪሳቸው የሾርባ ቤቱን ወረቀት አውጥተው ዘረጉ። "ጽጌ ጠዋት ጉምሩክ ነበረች፤ ሁለታችሁም የተስማማችሁበት ነው። ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጥርስ ብለሻል። ጠዋትስ?"

ጠዋት… ጠዋት እኔ ብቻዬን ቢሮ ነበርኩ።

ሁሉም ነገር ተመለሰልኝ። የጽዳት ሠራተኛችን ወይዘሮ አስካለ መጥረጊያቸውን ተደግፈው "ይሄ በየቀኑ የምትንጫጩበት ነገር ምንድን ነው?" አሉኝ። ከመጀመሪያው ላሳያቸው ብዬ አዲስ ጨዋታ ጀመርኩ። አየለ ወደቡ ላይ ወጣ። ስልክ ጠራ። ልዘጋው ስል በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ኤንተር አልኩ። ደግሞ ሌላ ጠየቀኝ፤ ለካ በድሮው ላይ ልደርበው ወይ ማለቱ ነው፤ ኤንተር አልኩ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝኛ ጥያቄ ሲመጣብኝ የማውቀው መልስ እሱ ብቻ ነበር።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" አለ ሰሎሞን ለራሱ በሚመስል ድምፅ። ማታ ቤት ውስጥ እንደምንገናኝ የረሳ ይመስላል።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ ጋሽ ዘሪሁን፣ ወረቀታቸውን እያጠፉ።

ጽጌ ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢያንስ ትጮህብኛለች። ደብተሩን ከደነችና ላስቲኩን ቀስ ብላ መለሰችበት።

"ሠርጌ ላይ አልመጣሽም" አለች። "ካርድ ልኬልሽ ነበር። በሰው እጅ።"

"ደርሶኛል።"

"ሚዜነትሽን ለሌላ አልሰጠሁትም ነበር። እስከ ጠዋቱ ድረስ።"

ይህን አላውቅም ነበር። የሰው ሱሪ የተሰቀለበት ሱቅ ውስጥ ቆሜ መርፌ የምሰካበትን ትንሽ ትራስ አሻሸሁ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

"እሑድ" አለች። "ከነድንጋዩ።"

ድንጋይ በአሜሪካ እንደ አገር ቤት ከመንገድ ዳር ብድግ አይደረግም፤ የሰው ንብረት ነው። የአትክልት ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ሠራተኛው ልጅ ጨዋ ነው፤ "ለምን ፕሮጀክት ነው?" አለኝ። ይቅርታ ልጠይቅበት ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና "እሱ ከሆነ ለስላሳውን ልስጥሽ" ብሎ ወደ ወንዝ ድንጋዮቹ ወሰደኝ። የራሱ ታሪክ ሳይኖረው አይቀርም።

እሑድ ጠዋት ከአምልኮው በፊት ፓርክ አድርጌ ወረድኩ። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ ጭኜ፣ በተረከዝ ጫማ፣ በሚኒቫኖች መካከል ወደ ጽጌ ሄድኩ። ሰው ቆመ። ኳየሩ ቆመ። ተንበረከክሁና "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በሐሰት ስከስሽ ኖርኩ፤ ለእግዚአብሔር ብለሽ ማሪኝ" አልኩ።

"ባርኮዱን እንኳን አላነሣሽለትም" አለች ከበላዬ።

"ጽጌ፣ ይከብዳል።"

"ትንሽ ቆዪ። ከአሥራ ሰባት ዓመት ላይ ሁለት ደቂቃ ብወስድ ምን አለበት?"

ጋሽ ዘሪሁን "ይብቃ" አሉ። ድንጋዩን ያነሣችልኝ ራሷ ናት። አነሣችና ትከሻዬን ይዛ አቆመችኝ፤ ከዚያ ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ እስካሁን እንከራከራለን። ድንጋዩን መኪናዋ ውስጥ ከተተችው፤ ለበረንዳዬ አትክልት ይሆነኛል አለች። ያን ቀን ትሪው ሲመጣ በግራም በቀኝም ሆዱን ያመመው ሰው አልነበረም። በቀኝ በኩል ነበርን፣ ሁለታችንም።

(ኖርዌያዊው ከሳምንት በኋላ ጻፈልኝ። የፈለግሽው ፋይሉ የተቀመጠበትን ሰዓት ብቻ ከነበረ፣ ጨዋታውን ሳትከፍቺ በቀኝ ክሊክ ታዪው ነበር አለኝ። ለጽጌ አልነገርኳትም። እናንተም አደራ።)

ሽማግሌ ያለ ካሳ አይነሣም። ጋሽ ዘሪሁን የፈረዱብኝ ካሳ ያበላሸሁትን እንድጠግን ነው፤ በየቅዳሜው ሱቄን በጊዜ ዘግቼ፣ ከጽጌ ጋር አየለን ከወደቡ ተነሥተን ማማው ድረስ ልናደርሰው። እሳቸውም "የፍርዱን አፈጻጸም ልከታተል" ብለው አብረውን ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዝም ብለው አዩ። ሁለተኛው ቅዳሜ "ዓሣ አጥማጁ ይዋሻል" አሉ። ሦስተኛው ቅዳሜ የደሴቲቱን ካርታ በአራት ቀለም ሥለው፣ እያንዳንዱን መግቢያና መውጫ እንደ ፓርኪንግ ሕንፃ ቁጥር ሰጥተውት መጡ። በእሳቸው ካርታ ሰባት ወር የፈጀብንን በዘጠኝ ቅዳሜ ጨረስነውና የማማው በር ላይ ቆምን።

አሥረኛው ቅዳሜ ጋሽ ዘሪሁን ሠራተኛ ቀረባቸውና ሥራ ገቡ። "ጠብቁኝ" ብለው ነበር። ልንጠብቃቸውም አስበን ነበር… ጽጌ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቀናል እኮ። በሩ ተከፈተ፣ አየለ ደረጃውን ወጣ፣ ማማው በራ፣ መርከቦቹ አንድ በአንድ ወደ ወደቡ ገቡ። ቁጭ ብለን አየናቸው።

እሑድ "የት ደረሳችሁ?" አሉን። መዋሸት አልቻልንም።

ይኸው ካኮረፉን ሁለተኛ ወራቸው ነው። ትሪውን ራሳቸው ሳይወስዱ ሲያሳልፉልን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ሰላምታቸው "ይመስገን" ብቻ ሆኗል። እኔና ጽጌ ለሽማግሌው የሚሆን ሽማግሌ እያፈላለግን ነው። የምታውቁት ካለ ጠቁሙን፤ የኮምፒውተር ጨዋታ የማይወዱ ቢሆኑ ይመረጣል።